«ታርዛንን አይተሻል?» ከሚል ጥያቄ የተነሱ መጻሕፍት

 

የዛሬውን ጽሑፍ የምንጀምረው በራሳችን እፍረት ነው። አንድ ቅዳሜ የስምንት ዓመት ተማሪያችን እጁን አወጣና «ጅብ ለምንድን ነው የሚስቀው?» ብሎ ጠየቀን። በአማርኛ ነው የጠየቀው! ደስ አለንና የአያ ጅቦን ተረት ጀመርንለት። ብዙ አልሄድንም። «ቲቸር፣ ይሄ ተረት ነው። እኔ የእውነቱን ጅብ ነው የጠየቅኩት» አለን።

ወደ መደርደሪያችን ዞርን። የፊደል ገበታ አለ፣ ተረት አለ፣ የመዝሙር ደብተር አለ። ስለ እውነተኛው ጅብ ግን በአማርኛ አንድ ገጽ እንኳ አልነበረንም። ልጁ የእናቱን ታብሌት ከፈተ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሱን በእንግሊዝኛ አገኘ። ያገኘውንም ለጓደኛው በእንግሊዝኛ ነገረው። የዚያን ዕለት ከዚያ በኋላ በአማርኛ ምንም አልጠየቀንም።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፣ እኛን ግን ከነከነን። ልጆቻችሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለ ዳይኖሰር፣ ስለ እሳተ ገሞራ፣ ስለ ማርስ በእንግሊዝኛ ያነባሉ። ቅዳሜ እኛ ጋ ሲመጡ አማርኛ የሰላምታ፣ የተረትና የ«ና ብላ» ቋንቋ ይሆንባቸዋል። እውነቱን ማወቅ ሲፈልጉ ወዴት እንደሚሄዱ እያየን ነው።

አብዛኞቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚደረድሩት በቁጥር ነው። ተረትና አፈ ታሪክ 398 ላይ ይገኛል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። ልጆቻችን ኢትዮጵያን በ398 በኩል ያውቋታል ብንል አናጋንንም። ወደ 963 የሚያሻግራቸው ሰው ነው የጠፋው። ስለዚህ እስቲ ለልጆች እውነተኛ ነገር የሚጽፉ ሰዎች እንዴት ይጀምራሉ፣ በምን ይኖራሉ፣ ምንስ ያደርጋሉ ብለን የአንዲት ደራሲን የሥራ ሕይወት እንንገራችሁ። ስማቸው ጄን ከርትዝ ይባላል። ፈረንጅ ናቸው፣ ግን ያደጉት ማጂ ነው።

ከፖርትላንድ ወደ ማጂ

ጄን በ1952 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ለፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ሥራ ኢትዮጵያ ገቡ። ቤተሰቡ የኖረው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ያኔ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረችው በማጂ ነው። ከፍ ሲሉ ደግሞ ከእህቶቻቸው ጋር አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ።

ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ አሜሪካ ሲመለስ ጄን እዚህ አገር ትምህርት ቤት ይገባሉ። እዚያም የክፍል ጓደኞቻቸው የሚጠይቁት ጥያቄ «ታርዛንን አይተሻል?» የሚል ነበር። እንዴት ብለው ይመልሱ? ማጂን የሚያሳይ መጽሐፍ የለም። ፎቶ አውጥቶ ማሳየትም እንደ ዛሬው ቀላል አይደለም። ጥያቄው ራሱ ከተሳሳተ፣ ልጅ መልስ ሊሰጥ አይችልም፣ ዝም ይላል። ጄንም ዝም አሉ። ኮሌጅ ለመማር ለብቻቸው ወደ አሜሪካ ከመጡ በኋላም፣ ስላደጉበት አገር ለረጅም ዓመታት ብዙ አያወሩም ነበር።

ይህን ታሪክ ስናነብ የራሳችሁን ልጆች አሰብን። የጄን ነገር የተገላቢጦሽ ነው፣ ግን ያው ነው። «አፍሪካ ውስጥ ቤት አላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ከመካከላችሁ ቤት የለም? ልጁ እቤት መጥቶ ነግሯችኋል ወይስ ዝም ብሏል?

ዝምታው እንዴት ተሰበረ?

ጄን አስተማሪ ሆኑ፣ አገቡ፣ ሦስት ልጆች ወለዱ። ለልጆቻቸው ማታ ማታ መጽሐፍ ሲያነቡ «እኔስ?» የሚል ሐሳብ መጣባቸው። የመጀመሪያ የልጆች መጽሐፋቸው በ1990 ታተመ። ስለ ኢትዮጵያ አልነበረም፣ በሰፈር ልጆች ጓደኝነት ላይ የተጻፈ ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ ነበር።

በዓመቱ፣ በ1991፣ «ኢትዮጵያ፦ የአፍሪካ ጣሪያ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አወጡ። ይህ ተረት አይደለም። ለአሜሪካ ተማሪዎች የአገሪቱን መሬት፣ ሕዝብና ታሪክ የሚያስተዋውቅ፣ እኛ ኢ-ልቦለድ የምንለው ዓይነት ነው። ጊዜውን አስታውሱት። ያኔ የአሜሪካ ልጅ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ያየውን፣ በኛ አቆጣጠር የ77ቱን ረሃብ ብቻ ነበር። «ታርዛንን አይተሻል?» በ«ምግብ አላችሁ?» ተተክቶ ነበር። ለዚህ ዓይነት ጥያቄ መልሱ ቁጣ አይደለም፣ ልጅ አውጥቶ የሚያነበው ገጽ ነው። ጄን ያን ገጽ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1994 በብርድ ሌሊት ተራራ ላይ ቆሞ፣ በሩቅ የሚታየውን እሳት እያየ ያነጋውን ልጅ ታሪክ አሳተሙ። ይህን እኮ ሁላችሁም ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁታል። ሥዕሉን የሠሩት ኢ. ቢ. ሉዊስ ሲሆኑ፣ ለእሳቸውም የመጀመሪያ የሥዕል መጽሐፋቸው ነበር። በ1997 ከወንድማቸው ከክሪስቶፈር ጋር ሆነው በአዲስ አበባ ጫማ እየጠረገ እርግብ ስለሚያረባ ልጅ ጻፉ። በ2000 ደግሞ አሜሪካ ስለምትኖር ደስታ ስለምትባል ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ አወጡ። አባቷ እናቱ ታመውበት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ ነው፣ እሷ ደግሞ «ባይመለስስ?» ብላ ትፈራለች። አየር ማረፊያ ድረስ ሻንጣ ጎትታችሁ ልጆቻችሁን ተሰናብታችሁ የምታውቁ ወላጆች፣ ይህንን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ፈልጋችሁ አብራችሁ ብታነቡት አትከፉም።

እንጀራው ከየት ይመጣል?

«ልጄ ደራሲ እሆናለሁ አለችኝ፣ ምን ልበላት?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ወላጆች አላችሁ። እውነቱን እንንገራችሁ። ለልጆች መጻፍ ብቻውን ብዙ ሰው አያበላም። አሳታሚ ለደራሲው በቅድሚያ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ ከሽያጩ ትንሽ መቶኛ ይደርሰዋል። የሥዕል መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ድርሻውን ከሠዓሊው ጋር ይካፈላል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ ይይዛሉ፣ ወይም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ ለተማሪዎች ንግግር በማድረግ ገቢያቸውን ይደጉማሉ። ጄንም በሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፣ በኋላም በቬርሞንት ለልጆች መጻፍ የሚፈልጉ ደራሲዎችን አሠልጥነዋል። ስንት ትምህርት ቤት እንደዞሩ ቆጥረው የሚጨርሱት አይመስለንም።

እንግዲህ መልሱ «ተይ» ሳይሆን «ሌላም ሙያ ያዢ፣ መጻፉን ግን አትተዪ» ነው። እናንተም እኮ ቀን ኮሌጅ፣ ሌሊት ካዚኖ እያላችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት።

ሌላው የምንማረው ነገር የት ፈልገው እንደሚጽፉ ነው። በሚያዝያ 1997 ጄን ይኖሩባት በነበረችው በግራንድ ፎርክስ ከተማ ወንዙ ሞልቶ ወደ 50,000 ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። የጄንም ቤት ከተጎዱት አንዱ ነበር። በ2000 ያን ጎርፍ በልጅ ዓይን፣ በአጫጭር ግጥሞች ጽፈው አሳተሙት። የጻፉት ደጃፋቸው ላይ የደረሰውን ነው። ለልጅ እውነተኛ ነገር ለመጻፍ ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም ማለት ነው።

እበት፣ ፋንድያ፣ በጠጥ

አሁን ወደሚያስቀው እንምጣ። በ2018 ጄን ስለ መካነ አራዊት አንድ መጽሐፍ አወጡ። ርዕሱ፣ ይቅርታ አድርጉልንና፣ እንስሶቹ ያን ሁሉ ጉድ ሲጥሉ ምን ይደረግበታል የሚል ነው። አንድ ዝሆን በቀን እስከ 100 ኪሎ ሊጥል ይችላል። መካነ አራዊቱ ምን ያድርገው? ከፊሉ ለተክል ማዳበሪያ ይሆናል። ከፊሉን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የእንስሳውን ጤና ለማወቅ ይመረምሩታል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ከሳቁ በኋላ ግን ሳይንስ ተምረዋል።

እኛም ርዕሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንሞክር ተከራከርን። አንዷ መምህርት «እበት በሉት» አለች። ሌላው «እበት የከብት ነው፣ የአህያና የፈረስ ከሆነ ፋንድያ ነው» አለ። «የፍየልና የበግስ?» «በጠጥ!» «የዶሮ?» «ኩስ!» «የደረቀው?» «ኩበት!» «እርሻ ላይ የሚደፋው?» «ፍግ!» ጎጃም ያደገ መምህራችን ኩበት እንዴት እንደሚጠፈጠፍ በእጁ እያሳየ ሲያስረዳ፣ ልጆቹ ከሚቀጥለው ክፍል እየሮጡ መጡ። የዚያን ቀን ልጆቹ ስድስት ቃል ተማሩ። ያለ ፈተና፣ ያለ ልመና።

ለምን ይህን እንደምንነግራችሁ ይገባችኋል። ልጆቹ የትምህርት ቤት መጽሐፋቸው ላይ አንድ ቃል የሚያነቡበትን ነገር፣ አማርኛ እንስሳ በእንስሳ ለይቶ ይጠራዋል። ይህ የእረኛና የገበሬ ሳይንስ ነው። ፋንድያ አይቶ በቅሎዋ በዚህ አልፋለች የሚል ሰው የተመራማሪ ዓይን አለው። አማርኛችን እውነተኛ ነገር ለመናገር ቃል አላነሰውም። ያነሰው ለልጅ የተጻፈ ገጽ ነው።

የሳን ፍራንሲስኮው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

ይህን እጥረት ከእኛ በፊት ያየ ሰው ነበር። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው። ከትምህርት መጽሐፍ ውጭ ለራሳቸው መጽሐፍ ይዘው ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። በስደት አሜሪካ ገብተው፣ ተምረው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ተቀጠሩ። እዚያ የዓለም ቋንቋዎች የልጆች መጽሐፍ ሲሰበሰብ በአማርኛ ሲፈልጉ አጡ። እኛ መደርደሪያችን ፊት ቆመን የተሰማን ነገር፣ እሳቸውን ከብዙ ዓመት በፊት ተሰምቷቸዋል። ልዩነቱ እሳቸው ተነሱ።

በ1998 ከጄን ከርትዝና ከሌሎች ጋር ሆነው፣ በኋላ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። በ2002 በልጅነታቸው የሰሙትን የማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ ባለ ቀለም ሥዕል አድርገው አሳተሙ። ሽያጩም ለቤተ መጻሕፍት ሥራው ዋለ። በዚያው ዓመት ሥራቸውን ትተው በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይዘው አገር ቤት ገቡ፣ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም አዋሳ ላይ አህያ የሚስበው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ ብሎ መረጣቸው።

ጄን ደግሞ በበኩላቸው ወደ ትንንሽ መጻሕፍት ተመለሱ። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» በሚል ስም፣ ከበጎ ፈቃደኛ ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊዎችና ተርጓሚዎች ጋር ሆነው ከ100 በላይ መጻሕፍት አዘጋጅተዋል። በአማርኛ አሉ፣ በአፋን ኦሮሞ አሉ፣ በትግርኛም አሉ፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ተረትና ምሳሌ ብቻ ሳይሆን ስለ እንስሳት፣ ስለ ቦታዎች፣ ስለ ታሪክም የሚናገሩ አሉባቸው። አማዞን ላይ ታዝዘው ይመጣሉ። ትምህርት ቤታችንም ጥቂቶቹን ለመግዛት ከሻይ ቡና ሽያጩ ላይ መቆጠብ ጀምሯል።

እንግዲህ ሕይወታቸውን በሙሉ ሲታይ፣ በታርዛን ጥያቄ ዝም ያሉት ልጅ መጀመሪያ ለአሜሪካ ልጆች ስለ ኢትዮጵያ ጻፉ፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ መጽሐፍ እንዲኖር ሠሩ። የእኛ ልጆች ሁለቱም ናቸው። ለነሱ የሚጽፈው ማን ነው?

እናንተ ናችሁ

አትሳቁ። ከምራችን ነው። ለልጅ እውነተኛ ገጽ ለመጻፍ አራት ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ አንድ ልጁ ራሱ የጠየቀው ጥያቄ፣ አንድ ነገሩን የሚያውቅ ሰው፣ ትክክል መሆኑን ሌላ ቦታ ማጣራት፣ እና ያላወቁትን አለመፍጠር። ደራሲዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከመታተሙ በፊት ለባለሙያ አሳይተው ያሳርማሉ።

ላስ ቬጋስ ደግሞ ጥያቄ አያጣም። ሁቨር ግድብ ከቤታችን አንድ ሰዓት አይሞላም። ከፍታው 221 ሜትር ነው። የዓባይ ግድብ 145 ሜትር ነው፣ ርዝመቱ ግን ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ሁቨር ግን 379 ሜትር ብቻ ነው። አንዱ ለምን ረጅምና ጠባብ፣ ሌላው ለምን ሰፊ ሆነ? ልጃችሁን ወስዳችሁ ገደሉን አሳዩትና በአማርኛ ጠይቁት። ሬድ ሮክ ስትሄዱ ቀንዱ የተጠማዘዘ የበረሃ በግ ታያላችሁ፣ የኔቫዳ ግዛት ምልክት ነው። ከሰሜን ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የማይገኘው ዋልያ የሩቅ ዘመዱ ነው። ሁለቱም ገደል ይወጣሉ። እንዴት አይወድቁም?

ሥራችሁም ራሱ መጽሐፍ ነው። ታክሲ የምትነዱ፣ አየር ማረፊያ ላይ ተራ እንዴት እንደሚጠበቅ አስረዱት። ሆቴል የምትሠሩ፣ በቀን ስንት ክፍል እንደሚጸዳና አንሶላው የት ሄዶ እንደሚታጠብ ንገሯት። ልጆቻችን ሌሊት ወጥታችሁ እንደምትመለሱ ያውቃሉ። ምን እንደምትሠሩ ግን ብዙዎቹ አያውቁም። ስንጠይቃቸው «ወርክ» ነው የሚሉን።

አያቶችም አሉ። ቅዳሜ እዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ምሽት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። አያት እራት ሳይበሉ በፊት ስልክ ይደወልና «እማማ፣ ጤፍ ስንት ወር ይፈጃል? ጎተራ አይጥ እንዳይገባው ምን ታደርጊ ነበር?» ብሎ ልጁ ይጠይቅ። «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ብቻ ከሆነ ስልኩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። እውነተኛ ጥያቄ ካለ ግን አያትም አይጠግቡም።

የጅቡ ገጽ

የጅቡ ልጅስ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐረር ያደጉ አንድ አባት ክፍላችን ጋበዝን። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ እንዴት እንደሚመገብ፣ ሰዎቹ በስም እንደሚጠሩት ነገሩት። የቀረውን ከመጽሐፍ አጣራን። ልጁ በራሱ እጅ፣ በራሱ ፊደል ጻፈው። «ሣ» እና «ሳ» ተደባልቆበታል፣ አላረምንበትም። የጻፈው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጅብ የሚስቀው ደስ ብሎት አይደለም። ሲፈራ ወይም በምግብ ሲጣላ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ መሪዋም እሷ ናት። አጥንት ስለሚበላ ፋንድያው ነጭ ነው።

መጨረሻው ላይ «ፋንድያ የአህያ ነው አላልክም?» ብለን ጠየቅነው። አሰበና «ታዲያ የጅብ ምን ይባላል?» አለን። እኛም አላወቅንም። የምታውቁ ወላጆች ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን። ይህንን የምር ነው የምንጠይቃችሁ።

የሚቀጥሉት አራት ቅዳሜዎች የ«እውነተኛ ገጽ» ሳምንታት ናቸው። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ እንጠብቃለን። ልጁ ይጠይቅ፣ እናንተ መልሱ፣ አብራችሁ አጣሩ፣ ልጁ ይጻፍ፣ ሥዕልም ይጨምርበት። አማርኛው ቢሰባበር ግድ የለም። ሥራ የሚበዛባችሁ በስልክ ድምፅ ቀድታችሁ ብትልኩልን እኛ ከልጁ ጋር እንጽፈዋለን። ገጾቹን ሰብስበን በስቴፕለር እናያይዝና መደርደሪያችን ላይ፣ ከተረቶቹ ጎን እናስቀምጣቸዋለን። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ልጅ «የእውነቱን» ብሎ ሲጠይቀን ወደ መደርደሪያው ስንዞር ባዶ እንዳይሆንብን።

ሰላም ሰንብቱ፣ ቅዳሜ እንገናኝ።

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት በጎ ፈቃደኛ መምህራን፣ ላስ ቬጋስ